በእጅ የተነገረ «እኔም»

አስተርጓሚዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሰውን «እኔ» ስትናገር የኖረች ሴት ናት። ሥራዋ ነው፤ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በፍርድ ቤት ታስተረጉማለች። በዚህ ሙያ አንድ የማይጣስ ደንብ አለ። ሰውየው በእጁ «እኔ አልሰረቅሁም» ካለ፣ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ አልሰረቅሁም» ትላለች እንጂ «አልሰረቅሁም ይላል» አትልም። አፏን ታውሳለች እንጂ ከነገሩ ውስጥ የለችበትም። የግቢው ጥበቃዎች ይህን ካወቁ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ ሳይጠይቋት አያሳልፏትም።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሽ?»

«ዛሬ እንኳ ቀላል ነው። የጎረቤቴን አጥር አፍርሼ ቲማቲም ተከልኩበት።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ሚስቴን ፈታሁ። ምን ላድርግ፣ አስመረረችኝ!»

እንዲህ ያለች ናት። ቀና ብላ የምትሄድ፣ ዳኛ ፊትም ዳቦ ሰልፍ ላይም ድምፅዋ የማይለዋወጥ፣ «አይሆንም» ማለትን በአፍም በእጅም የተካነች። በሕመም ምክንያት ከችሎት ቀርታ አታውቅም። የመጨረሻ ልጇን እንኳ የወለደችው ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት በተዘጋበት ወር ነው፤ ይህንንም ራሷ ያቀደችው ይመስል በኩራት ታወራዋለች።

ባሏን ደግሞ ቤተ ዘመዱ በሙሉ «ብረቱ» ይለዋል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ የሰፈሩን የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ ይፈታል። ሁሉንም ይገጥማል ለማለት ግን ይከብዳል። ብረቱ ሐኪም ቤትን የሚያውቀው ለጠያቂነት ነው። «ክኒን በጉሮሮዬ ወርዶ አያውቅም» ማለት ይወዳል፤ ሰርግ ላይ ይላል፣ ለቅሶ ላይ ይላል፣ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ሲቀመጥማ በሽተኛውን ያጽናና እየመሰለው ደጋግሞ ይለዋል።

ከአስተርጓሚ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ የምልክት ቋንቋ አለመልመድ አይቻልምና እሱም ለምዷል። እንግዳ አልነሣ ሲላቸው ባልና ሚስቱ ከሰው መሃል ተቀምጠው በእጃቸው የራሳቸውን ጨዋታ ይጫወታሉ። ችግሩ የብረቱ ጣቶች ለብሎን እንጂ ለወግ የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። አንድ ጊዜ ወንድሟ ቤት ተጋብዘው «እንሂድ» ሊላት ፈልጎ «እንደባደብ» ብሏት፣ በድንጋጤ ቦርሳዋን አንሥታ ቆማለች። ለነገሩ ሄዱ።

እንግዲህ ኩላሊቷ ውስጥ ጠጠር የተገኘባት ይቺ ሴት ናት። ጠጠሩ ወጣ። ሐኪሟ ግን ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚወርደው መንገድ አብጦ እንዳይዘጋ ብላ፣ ቀጭን ለስላሳ ቱቦ ውስጡ ትታላት ነበር። ቁስሉ ሲሽር ይወጣል ተባለች። አስተርጓሚዋም ለጠያቂዎቿ «ሰፈሩ ውኃ በጠፋበት ሰዓት ለኔ አዲስ ቧንቧ ተዘረጋልኝ» እያለች ስትቀልድ ሰንብታ፣ ትንሽ ሲሻላት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቱቦው ግን ቀልድ አያውቅም። ጎንበስ ቀና ስትል ወገቧን ይወጋታል። ሽንቷ ሳይመጣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላታል፤ ስትሮጥለት ጠብታ ነው፣ ያቺም ስትወርድ ሕመሙ ሽቅብ እስከ ጎኗ ይወጣል። ተመልሳ ከመቀመጧ ደግሞ እንደገና ይጠራታል። እሷ ግን ይለመዳል ብላ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው።

በዚያ ሰሞን የያዘችው ጉዳይ የአንዲት መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ነበር። ሴትዮዋ ባሏ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ጋር ቀርታለች። የባሏ ወንድም «እናቲቱ አትሰማም፤ ልጅቷ ብትጮህ፣ ብትታመም ማን ይደርስላታል? ላሳድጋት የሚገባኝ እኔ ነኝ» ብሎ ከሷታል። እናቲቱ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘችም፤ ከምልክቶቿ ግማሹ እዚያው ቤቷ ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። ልጇን ስትጠራ የፊት ጥርሷን በጣቷ ትነካለች፣ ልጅቷ ፍንጭት ናትና። ሟቹን ባሏን ስታነሣ ኮፍያ ታስተካክላለች። ይህን ሁሉ አስተርጓሚዋ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ቃል በቃል ለቅማ ተማረችው። ከሷ ሌላ በዚያ ፍርድ ቤት ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ምስክርነቷ የጀመረ ዕለት አስተርጓሚዋ እናቲቱ ፊት ቆመች። ታሪኩ ልጅቷ የተወለደችበት ላይ ሲደርስ ቱቦው ጠራት። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ተመለሰች፣ ትንሽ ተባለ፣ አሁንም ጠራት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ የአጎትየው ጠበቃ «ለአስተርጓሚዋም አስተርጓሚ ሳያስፈልጋት አይቀርም» ብሎ አጠገቡ ያሉትን አሳቀ። እሱስ ይሳቅ። የከፋው፣ ነገሩ በተቋረጠ ቁጥር የእናቲቱ ታሪክ መበጠሱ ነው። ከየት እንዳቆመች ይጠፋታል፤ እንደገና ስትጀምር ጠበቃው «ቅድም እንዲህ አላለችም» ይላል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ማክሰኞ እንቀጥላለን» አሉ። «ጤናዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ምንም ነውር የለውም፤ አሁኑኑ ይንገሩንና ሌላ አስተርጓሚ እናስጠራ።»

«እኔው እቆማለሁ፣ ክብርት ዳኛ።»

ደረጃው ላይ እናቲቱ እጅጌዋን ያዘቻት። ሁሉንም አይታለች፤ የጠበቃውን ሳቅ ጭምር። በእጇ «ማክሰኞ፣ አንቺ?» አለቻት።

«እኔ» አለች አስተርጓሚዋ። ለዚህች እናት ስትናገራት ለመጀመሪያ ጊዜ ይህቺ «እኔ» የራሷ ነበረች፤ ከብዳት ደረጃውን ወረደች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ሰምታት ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች።

«ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አሉ?»

«ይለመዳል ብዬ።»

«ብዙ ሰው እንደዚያ እያለ ነው የሚሰቃየው። የቱቦው ጫፍ ፊኛዎን ሲነካካው የሞላ ይመስለዋል። የሽንት መውረጃው ጡንቻም ባዕድ ነገር ሲያገኝ ይኮማተራል።» ማዘዣው ላይ ጻፈች። «ይቺ ካፕሱል ጡንቻውን ታላላዋለች። በቀን አንድ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ። ልታዞርዎ ስለምትችል ሲነሡ ቀስ ይበሉ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። አንድ ቀን ውጠው ‹አልሠራችም› ብለው ደግሞ እንዳይተዉኝ፤ ጥቂት ቀን ትፈልጋለች።»

«ማክሰኞ ችሎት አለኝ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይጀምሩ።»

መድኃኒቱን ገዝታ ቤቷ ስትደርስ የብረቱ ታላቅ እህት ልትጠይቃት መጥታ ሶፋው ላይ ተደላድላለች። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። እትዬ የጤና ቢሮ ታይፒስት ሆና ነው ጡረታ የወጣችው። ሐኪሞች የጻፉትን ስትተይብ ኖራ ግማሽ ሐኪም ሆናለች፤ የቀረውን ግማሽ ራሷ ጨምራበታለች። ፓኮውን ከአስተርጓሚዋ እጅ ተቀበለች፤ ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ በመነጽሯ ላይ ሌላ መነጽር ደርባ ማንበብ ያዘች።

«ኧረ ጉድ!»

«ምነው እትዬ?»

«‹ለወንዶች› ይላል! ይኸው፤ ፕሮስቴት። ፕሮስቴት የወንድ ዕጢ ነው። አንቺ የለሽም።»

«እኔስ የለኝም።»

«ታዲያ የወንድ መድኃኒት ነው የሰጡሽ!»

«የወንድ መድኃኒት» ሲባል ደግሞ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ሱቅ ጓሮ በሹክሹክታ የሚሸጥ፣ ገዢው ግራ ቀኝ አይቶ ኪሱ የሚከተው ነገር ነው። አስተርጓሚዋ ያቺን ግማሽዋ ብርቱካናማ፣ ግማሽዋ ጥቁር አረንጓዴ የሆነች ካፕሱል አገላብጣ አየቻት። ድንገት አስፈራቻት።

«ጢም ቢያበቅልብሽስ?» አለች እትዬ። «ድምፅሽ ጎርንኖ ችሎት ብትቆሚስ?»

«‹ሚስቴን ፈታሁ› ስል ያምርብኛላ» ብላ ሳቀች አስተርጓሚዋ። ሳቋ ግን አልደመቀም፤ ካፕሱሏን ወደ ፓኮው መለሰች። «ባለ መድኃኒት ቤቱ ተሳስቶ ይሆናል። ደውዬ ልጠይቀው እንዴ?»

«የተሳሳተውን ሰው ‹ተሳስተሃል ወይ?› ብለሽ? በጭራሽ አያምንልሽም። ሰኞ ሐኪሟን ጠይቂያት።»

ሰኞ ማለት ለችሎቱ አንድ ቀን ሲቀረው መጀመር ማለት ነው፤ አስተርጓሚዋ ይህ አልጠፋትም። ማክሰኞ የሚሆነው ሁሉ ታያት፦ ጠበቃው ሲያስቅ፣ ነገሩ ሲበጠስ፣ እናቲቱ «አንቺ?» ብላ ስታያት። ቢሆንም ያልሆነ መድኃኒት ውጣ ሌላ ጣጣ ብታመጣስ? ፓኮውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

ይህን ጊዜ ነው ሻይ ይቀዳ የነበረውን ብረቱን ያየችው። ከእትዬ ጀርባ ቆሟል፤ ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ ሰሃኑን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል፣ እሱ ግን አላስተዋለም። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠና በእጁ መናገር ጀመረ።

«እኔም» አለ።

«አንተም ምን?» አለችው በጣቷ፣ ከጠረጴዛው በታች።

«እኔም... እሷን...» የመጨረሻውን ምልክት በወፍራም ጣቱ ጉሮሮው ላይ አደረገው። ያነበበችው «እኔም እሷን አንቃታለሁ» የሚል ነው። እትዬን መሰላት። ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም።

«ታላቅህ ናት፤ ቻላት» አለችው።

ብረቱ ራሱን በብስጭት ነቀነቀ። ወደ ፓኮው ጠቆመ፣ እንደገና ጉሮሮውን ያዘ፣ ሁለት ጣት አወጣ፤ ዓመት ለማለት ይሁን ወር ለማለት አልለየላትም። ላብ ላብ ብሎታል። እትዬ ዞር ብላ «ምን ያወናጭፍሃል አንተ ሰውዬ?» አለችው።

እጁን አወረደ። ያኔ ዝም ቢል ማንም ምንም አያውቅም ነበር፤ ብረቱ ብረቱ እንደሆነ ይቀር ነበር። ግን በዚያችው ቅጽበት ቱቦው ሚስቱን ወጋት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔም እውጣታለሁ ነው ያልኩት!» አለ በአፉ። ቤቱ አስተጋባ።

ጓዳ ገብቶ የብሎን ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። ያንን ቆርቆሮ ማንም አይነካውም፤ ሁሉን ነገር በምታጸዳው ሚስቱ እጅ እንኳ ተነክቶ አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ሲደፋው ከብሎኑና ከፊውዙ መሃል እሽግ ካፕሱሎች ወደቁ። እያንዳንዳቸው ግማሽ ብርቱካናማ፣ ግማሽ ጥቁር አረንጓዴ።

«አንተ?» አለች እትዬ። «ብረቱ?»

«ብረትስ ዝገት የለበትም እንዴ፣ እትዬ?» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሁለት ዓመቴ ነው። ሽንቴ አልወጣ እያለ አሰቃየኝ። ሲሰጡኝ እኔም ያ የምታውቁት ነገር መስሎኝ ‹በዚህ ዕድሜዬ?› ብዬ ተቆጣሁ። ሐኪሙ ሳቀብኝ። የሽንት መውጫውን ጡንቻ ታላላለች፣ በቃ፣ ሌላ ጉዳይ የላትም አለኝ።»

አስተርጓሚዋ ሁለቱን ዓመት ወደኋላ አየችው። ሰርግ በተጠሩ ቁጥር በር አጠገብ ካልተቀመጥኩ የሚለውን፣ «አየር ፈልጌ ነው» ሲላት ማመኗን። መንገድ ሲሄዱ ነዳጅ ማደያ ባዩ ቁጥር ጎማ ልይ ብሎ መውረዱን። የሰውን እጅ ከሩቅ አንብባ የምትኖር ሴት፣ አጠገቧ የተኛውን ሰው ሳታነብ ኖራለች። ተናደደችም፣ አዘነችም፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀችም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብረቱ ብረቱ እያላችሁኝ እንዴት ልንገርሽ?»

እትዬ ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ ፓኮው መለሰችው። ብረቱ ግን ነገሩን እዚያ ላይ አልተወውም። «እኔ መዋጤ ላንቺ ማረጋገጫ አይሆንም» ብሎ መድኃኒት ቤቱ ደወለና ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አልተሳሳትኩም እናቴ» አላት ባለ መድኃኒት ቤቱ። «ወረቀቱ የሚያወራው መጀመሪያ ስለተሠራችበት ጉዳይ ነው። ቱቦ ላለበት ሰው ሐኪሞች ለሴትም ያዟታል። ሐኪምዎ አውቃ ነው የጻፈችው። ጢም? ኧረ አያበቅልም! ከምግብ በኋላ ይዋጧት፣ ሲነሡ ብቻ ቀስ ይበሉ።»

ያን ዕለት እራት እንደበሉ ባልና ሚስት ትይዩ ተቀምጠው አንዳንድ ካፕሱል ዋጡ። በብረቱ ጉሮሮ ክኒን ሲወርድ ሰው ያየው ያኔ ነው። እትዬ ሁለቱንም ውኃ አቀበለቻቸው።

ቅዳሜ ለውጥ የለም። እሑድም ያው ነው፤ አስተርጓሚዋ ካፕሱሏንም ወረቀቱንም እትዬንም በየተራ ረገመች። ብረቱ ግን አሁን የመድኃኒቷ ሊቅ ሆኗል። «ከአልጋ ዘለሽ አትነሺ። መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ጫማሽን ፈልጊ፣ ከዚያ ነው መነሣት» ይላታል። አለመስማቷ አይቀርምና አንድ ጠዋት ዘላ ተነሥታ ግድግዳው ዞረባት። ከዚያ ወዲህ ጫማዋን በደንብ ትፈልጋለች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ከደጇ ስታባርር ቆይታ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ከምሳ ወዲህ ቱቦው አልጠራትም። አለ፣ ሲወጋትም ይሰማታል፣ ግን ጩኸቱ ወደ ማጉረምረም ወርዷል።

ማክሰኞ እናቲቱ ፊት ቆመች። ታሪኩ ካቆመበት ተነሣ፤ የልጅቷ መወለድ፣ የኮፍያው ሰውዬ መሞት፣ የስፌቱ ሥራ፣ ሁሉም ሳይበጠስ ወረደ። አስተርጓሚዋ «እኔ ጠዋት ፀጉሯን አበጥራለሁ» አለች፤ «እኔ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ» አለች። የአዳራሹ ሰው የእናቲቱን እጅ ሳይሆን ሕይወቷን መስማት ጀመረ። ጠበቃው ተነሣ።

«ልጅቷ ሕፃን ሳለች ሌሊት ስታለቅስ እንዴት ይሰሟት ነበር?»

እናቲቱ ጥያቄውን አይታ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። በዚያች ፋታ ውስጥ ቱቦው፣ የት ከርሞ እንደሆነ እንጃ፣ አስተርጓሚዋን ጠራት። መልሱ እዚህ ላይ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እግሯን አጠበቀች፣ አየር ሳበች፤ ጥሪው መጣ፣ ተጫናት፣ ደግሞም ላላ። እንደ ድሮው አላስሮጣትም። የእናቲቱ እጆች ተነሡ።

«እኔ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው» አለች አስተርጓሚዋ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ስታለቅስ ደረቷ ይርገበገባል፤ ያኔ እነሣለሁ። አንድም ሌሊት አላመለጠኝም። አጎቷ ያኔ እኛ ቤት፣ በሚቀጥለው ክፍል ነበር የሚተኛው። እሱ ጆሮ አለው። ስንት ሌሊት እንደተነሣ ጠይቁት።»

ዳኛዋ ወደ አጎትየው ዞሩና ጠየቁት። አጎትየው ጠበቃውን አየ፣ ጠበቃው ወረቀቱን አየ። ዳኛዋ ለአጭር ጊዜ ገብተው ሲመለሱ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ወሰኑ። አስተርጓሚዋ ያንን ውሳኔ በእጇ ስትናገር የፊት ጥርሷን ነካች፣ ከዚያም እናቲቱን አመለከተች፤ እናቲቱ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ግቢው በባለ ጉዳይ ተሞልቶ ነበር። ብረቱ የውኃ ጠርሙስ ይዞ ከዛፉ ሥር ቆሟል። አስተርጓሚዋ ከደረጃው አናት ሆና በእጇ «ልጅቷ የእናቷ ሆነች!» አለችው። ቀጥላም «ቆይ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አለችው።

ብረቱ ጠርሙሱን ኮቱ ኪስ ውስጥ ወተፈው። ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ጥበቃዎቹም ጭምር፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ አንድ ምልክት ሠራ። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ሳይሳሳት የሠራው የመጀመሪያው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«እኔም» አለ።